«እምቅ ሀብት» የሚሉት እርግማን

አንድ ቦታ ውሃና ወፍ ካለው ሦስተኛው ነገር መምጣቱ አይቀርም፤ «እምቅ የቱሪዝም ሀብት» የሚለው ሐረግ። ብሮሹር ላይ አለ፣ የጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላይ አለ፣ ድሮን ይዞ የሚዞር ዩቲዩበር አፍ ላይ አለ። ምስጋና ስለሚመስል ሲነገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ይህ ሐረግ ለጀውሃና ለይፋት ቆላ ረግረጎች ከውሃ መሳቢያ ሞተር የማያንስ አደጋ ነው ብዬ ልከራከር ነው። «እምቅ» ማለት ገና ያልወጣ፣ ገና ያልተነካ ማለት ነው። አንድን ረግረግ እምቅ ሀብት ስትሉት፣ ዛሬ ምንም አይደለም እያላችሁ ነው። ዛሬ ምንም ያልሆነን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ማጠንፈፍ ይቻላል።

ቦታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዋሻውን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ጃኬታችሁን እያወለቃችሁ ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,280 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ከዚያ ወደ ሰሜን መንገዱ ከመንዝ ደጋ የሚወርዱ ወንዞችን እየተሻገረ ይሄዳል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬ። ጀውሃ የወንዙም ስም ነው፣ የመንገድ ዳሯ ከተማም ስም ነው። ከፍ ብሎ ከሚሴ አጠገብ ቦርከና የሚተኛበት ሰፊው የጨፋ ረግረግ አለ። ሁሉም ውሃ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ አድርጎ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፤ አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ስለዚህ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለ ውሃ ሁሉ የአገር ውስጥ ውሃ ነው። የምናጠፋውም የምናተርፈውም እኛው ነን።

ወፎቹ እዚህ የሚበዙት በአጋጣሚ አይደለም። ስምጥ ሸለቆና ቀይ ባሕር አንድ ላይ ሆነው ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚመላለሱ ወፎች ትልቅ መንገድ ናቸው። ሽመላው፣ ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ እንዲህ ክንፉን ዘርግቶ በሞቀ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ወገን ብቻ በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከባድ ወፍ ባሕር ላይ መንሳፈፍ አይችልም፤ የሞቀ መሬትና ገደል ይፈልጋል። የይፋት ገደል ደግሞ ሁለቱንም ይሰጠዋል። ገደሉ ሥር ያለው ረግረግ ለዚህ መንገደኛ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሳይንስ አያስፈልግም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ምሳ የሚበላበት ከተማ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ የቱሪዝሙ ክርክር እንዲህ ይላል፤ ወፍ አለ፣ ወፍ የሚያይ ሀብታም ፈረንጅ አለ፣ ሁለቱን አገናኝ፣ ረግረጉ ይተርፋል። ቀላል ነው፣ ያምራል። ግን እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመጣ የወፍ ተመልካች ባብዛኛው ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ጆን አሽ በ1979 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃትን ትንሽዬ ወፍ ይፈልጋል። ጀማ ሸለቆ ወርዶ እዚያ የምትታወቀውን ቆቅ ይፈልጋል። ከአንኮበር በታች ደግሞ አንዲት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ፍሬ ለቃሚ አለች፤ እሷን ይፈልጋል። አይቶ ምልክት ያደርግና ይሄዳል። በዚህ አልወቅሰውም፤ ከሩቅ አገር ብዙ ከፍሎ የመጣ ሰው አገሩ ሊያይ የማይችለውን ማየት መብቱ ነው። ግን የጀውሃ ሸለቆ ለእሱ የመኪና መስኮት ነው። ሽመላ አገሩ ጣሪያ ላይ አለለት። ወደ ኮምቦልቻ በሚያደርገው ጉዞ ላይ ቆሞ አንድ ማኪያቶ ቢጠጣ የረግረጉ የዓመት በጀት እሱ ነው ማለት ነው?

ይሄ እንኳን የሰላሙ ጊዜ ሒሳብ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ ጀውሃና ሰንበቴ የዜና ስም ሲሆኑ፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ሲገባ፣ ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው ማን ነበር? ማንም። እሺ፤ የረግረጉ ዋጋ ጎብኚው ከሆነ፣ ጎብኚ በሌለባቸው በእነዚህ ዓመታት ዋጋው ስንት ነበር? ዜሮ። ክርክሩን እስከ መጨረሻው ከተከተልነው መልሱ ይሄው ነው። ሽመላው ግን በእነዚያ ዓመታትም መጥቷል። ከብቱም ጠጥቷል።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። በሙያችን አንድ የታወቀ ስንፍና አለ፤ አንድን ሲስተም ሙሉ በሙሉ በአንድ የውጭ አገልግሎት ላይ ማንጠልጠል። ያ አገልግሎት ሲሠራ ሁሉም ያምራል። ሲቋረጥ ግን የራሳችሁ ሰርቨር ደህና ሆኖ ሳለ ሁሉም ነገር ይቆማል። የረግረግን ህልውና በፈረንጅ ቪዛና በኤምባሲ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ላይ ማንጠልጠል ያው ስንፍና ነው። ልዩነቱ ሰርቨር ተመልሶ ይነሳል። የተጠነፈፈ ረግረግ ግን ሪስታርት የለውም።

ለቱሪዝሙ ወገን ጠንካራው መልስ የሚከተለው ነው፤ በደንብ ልናገረው፣ ምክንያቱም ብዙ ቅን ሰዎች የሚሉት ነው። «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ትፈላሰፋለህ። ገበሬው ገንዘብ ካላገኘበት ረግረጉን ለምን ይተወዋል? ሽንኩርት ቢተክልበት በሦስት በአራት ወር ያፈሳል። በፍቅር ብቻ የተረፈ ቦታ የት አለ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ገበሬው ጥቅም ካላገኘበት አይተወውም፤ እዚህ ላይ እንስማማለን። የማንስማማው ጥቅም የሚባለው በዶላር የሚመጣው ብቻ ነው የሚለው ላይ ነው።

መልሱ ደግሞ ከዚያው ከጀውሃ በላይ ነው። ቀና ብላችሁ ወደ መንዝ ደጋ ተመልከቱ፤ ጓሳ አለ። የመንዝ ሰው ጓሳን 400 ዓመት ገደማ ጠብቆታል። ለማን ብሎ? ለጭላዳ ፎቶ አንሺ ብሎ? አይደለም። ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ስለሚፈልገው፣ ቁጥቋጦውን ለማገዶ ስለሚፈልገው ነው። የራሱ ሕግ ነበረው፣ የራሱ አለቃ ነበረው። ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲፈቀድ ይታጨዳል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲላላ ቦታው ተጎዳ፤ ሕዝቡ ደግሞ በአዲስ መልክ አደራጅቶ መለሰው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ ያሉት ሰው ጣሪያውን የሚከድንበት ሣር ስለፈለገ ነው። ቱሪስቱ የመጣው መጨረሻ ላይ፣ የተጠበቀ ነገር ስላገኘ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ሆለታ አጠገብ የበርጋ ረግረግ ሜዳም አለ። እዚያ በ1997 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ፣ በሣር ውስጥ ተደብቃ የምትኖር ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ፣ ስትራባ ተገኘች። ወፏ በዓይን የማትገኝ ድብቅ ናት፤ ቱሪስት በብዛት ልታመጣ አትችልም። እሷን ለማትረፍ የአካባቢው ነዋሪዎች ተደራጁ፤ በመራቢያዋ ወቅት ከብት ከሣሩ እንዲርቅ መስማማት ላይ ደረሱ። ሣሩ በደንብ ካደገ ድርቆሹም ለእነሱ ነው። የወፏና የባለከብቱ ጥቅም አንድ ሣር ላይ ተገናኘ፤ በቃ።

ወደ ሸለቆአችን እንመለስ። በ2002 እ.ኤ.አ. በድርቁ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሙያ ጨፋን አይቶ ሲጽፍ፣ የሪፖርቱ ርዕስ ራሱ ቁጥር ነበረበት። 50,000 አርብቶ አደሮችና 200,000 ከብቶች ተጠግተውበት ነበር። ይሄን ቁጥር በሆቴል አልጋ መንዝሩት እስቲ። አንድ ረግረግ፣ ያለ መግቢያ ትኬት፣ ያለ ብሮሹር፣ 200,000 ከብት ከሞት አስጥሏል። ያ ጥቅም «እምቅ» ነው? እምቅ የሆነው የእኛ ሒሳብ ነው። ወተትና ሥጋ በደረሰኝ ስለማይመጣ፣ አፋሩና ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከብቱን ያጠጣበት ውሃ በማንም ሪፖርት ውስጥ ገቢ ተብሎ ስለማይመዘገብ፣ ቦታውን ባዶ አደረግነው። ከዚያ ባዶ ያልነውን ቦታ ለሚመጣው ባለሀብት እናሳየዋለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ አይደል?

ውሃና ግጦሽ ሲጠብ ደግሞ ምን እንደሚመጣ በዚህ ሸለቆ ለማንም አይነገርም። በእነዚህ ከተሞች ለደረሰው ሁሉ ምክንያቱ ረግረግ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ማለት ለሞቱት ክብር መንሣት ነው። ግን ሁሉም በክፉ ቀን የሚጠጋበት የጋራ ቦታ መኖሩና አለመኖሩ ልዩነት እንዳለው ማንም አይክድም። ረግረግ የጋራ ቦታ ነው። ሲጠነፈፍ የሆነ ሰው ማሳ ይሆናል። ከዚያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይጀምራል።

አሁን ስለ ተመልካቾቹ። ቅድም ያነሳኋት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች ወፍ ታሪክ አላት። የአንኮበር ግርጌና አልዩ አምባ አካባቢ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ጥቂት ናሙና ወሰዱ፤ በ1888 የቱሪኑ ሳልቫዶሪ ለሳይንስ ስም አወጣላት። ከዚያ ለ100 ዓመት ያህል ከእነዚያ ጥቂት የሙዚየም ናሙናዎች በቀር ምንም አልተመዘገበም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ራሷን የቻለች ወፍ አይደለችም፣ የሌሎች ሁለት ዓይነቶች ዲቃላ ናት ብለው ጠረጠሩ። በ1989 እዚያው ይፋት ቆላ ላይ «እንደገና ተገኘች»። ደስ ይላል። ግን «እንደገና ተገኘች» የሚለውን ግሥ ልብ በሉት። ከማን ነበር የጠፋችው? እነዚያ 100 ዓመታት ይፋት ሰው አልነበረበትም? ማሽላ አልተዘራም? ወፏ ከሙዚየም መሳቢያ ጠፋች እንጂ ከአገሯ አልጠፋችም። የጠፋው የሚያያት ሳይሆን፣ ያያትን ሰው የሚጠይቅ ነው።

በአማርኛ ወፍ መጠበቅ የሚባል ሥራ አለ። በይፋት ቆላ ማሽላው እሸት ሲሆን ልጁም አዋቂውም ወፍ ሳይንጫጫ ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፍ አለ፣ ጅራፍ አለ፣ የሚንኳኳ ቆርቆሮ አለ። ጀንበር እስክትጠልቅ እዚያው ነው። ያ ሰው የቱ ወፍ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ የቱ እህል እንደሚበላ፣ የቱ ተባይ ብቻ ለቅሞ እንደሚሄድ ያውቃል። ማወቅ ግዴታው ነው፤ ካላወቀ ራቱ ነው የሚበላው። እንግዲህ ይሄን ሰው ወፍ ተመልካች ካላልነው ማንን ልንል ነው? ብሮሹሩ «የወፍ መመልከቻ ማማ ቢሠራ» ሲል ማማው ቆሞ ነበር። እንጨት ነው፣ ቆጥ ነው፣ ላዩ ላይ ሰው አለ።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ማማ ላይ የሚውለው ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት መዋል ያለበት ልጅ ነው። ወፍ የሚጠብቀው ወፍ ስለሚወድ አይደለም፤ ስለሚፈራ ነው። የሚፈራው ደግሞ በቱሪዝም ፖስተር ላይ ፎቶዋ የማይወጣውን ወፍ ነው፤ ግሪሳን።

እዚህ ላይ የወፍ ወዳጆች ነን የምንል ሁሉ ድምፃችን ይጠፋል። ስለ ብርቅዬዋ ወፍ ለመናገር ማንም አይሰንፍም። ስለ ግሪሳ ግን እንደ ነውር ዝም። ሒሳቡ ግን ከባድ ነው። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ ምንም አይደለም። ግሪሳ ግን አንዲት ሆና አትመጣም። አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ በቀን 10 ቶን፣ ማለትም 100 ኩንታል ነው። በቀወት ወይም በኤፍራታና ግድም አንድ ገበሬ ዓመቱን የደከመበት ማሽላ በሁለት ጠዋት ያልቃል። ለዚህ ሰው ሄዳችሁ «ወፍ ሀብት ነው» በሉት እስቲ። ወንጭፉ እጁ ላይ ነው።

ስለዚህ አውሮፕላን ይጠራል። አመሻሽ ላይ፣ ግሪሳው ለማደር በተሰበሰበበት ቄጠማ ወይም ግራር ላይ፣ ፌንቲዮን የሚባል መርዝ ይረጫል። ፌንቲዮን ግሪሳን ከሳቢሳ ለይቶ አያውቅም። በዚያ ቄጠማ ውስጥ ያደረውን ሁሉ ይመታል፤ ጠዋት የሞተውን ሊለቅም የመጣውን ጭልፊትና ጉጉትም ይመታል። በ2025 እ.ኤ.አ. የሮተርዳም ስምምነት አባል አገሮች፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ፣ ለግሪሳ የሚረጨውን ጠንካራ የፌንቲዮን ዓይነት አገሮች አስቀድመው ሳይነገራቸውና ሳይስማሙ እንዳይላክባቸው ከሚጠበቁ ኬሚካሎች ዝርዝር አስገቡት። ክልከላ አይደለም። ግን ዓለም «ይሄ ነገር እንደ ቀልድ የሚረጭ አይደለም» ብሏል።

ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይቻልም። አውሮፕላን የሚጠራው ሌላ የሚጠራው ነገር ስለሌለ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ኮንዶአ አካባቢ ሰዎች ግሪሳን በወጥመድ በብዛት እየያዙ ይመገባሉ፤ እኛ ጋ ትንሽ ወፍ መብላት ባህል ስላልሆነ ያንን ቀድታችሁ አምጡ አልልም። ልል የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ግሪሳ ከመርዝ በቀር በሌላ መንገድ የሚያዘው ገና ሳይበዛ፣ ማደሪያው የት እንደሆነ ቀድሞ ሲታወቅ ነው። ማደሪያውን ማን ያውቃል? ማማ ላይ ያለው ልጅ። ማን ጠየቀው? ማንም። መረጃው ከማማው ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ እስኪደርስ ማሽላው አልቋል፤ ያኔ የቀረው መፍትሔ አውሮፕላን ብቻ ይሆናል። ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርስ መረጃ ሁልጊዜ መርዝ ነው የሚያመጣው።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው «አፕ እንሥራለት» ማለቱ አይቀርም። ሠፈሬን ስለማውቀው ነው። እኔ እንኳን ከአፕ እንጀራ የምበላው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አፕ የመጨረሻው ነገር ነው እላለሁ። ዓለም አቀፍ የወፍ መዝገብ አለ፤ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመራው ኢበርድ ለማንም ክፍት ነው። ግን ማንኛውም እንዲህ ያለ ካርታ የሚያሳየው ወፉ ያለበትን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ የሄደበትን ነው። መንገድ ያለበት፣ ሎጅ ያለበት፣ ታዋቂዋ ወፍ ያለችበት ቦታ በነጥብ ይሞላል። ማንም ያልቆመበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያንን ነጭ ቦታ ቢሮ ውስጥ ሆኖ የሚያየው ሰው በእኛ በወጣቶቹ ቋንቋ ያነበዋል፤ «ወፍ የለም»። ትክክለኛው ንባብ ግን «የጻፈ ሰው የለም» ነው። በእነዚህ ሁለት ንባቦች መካከል ባለው ልዩነት ነው ስንት ረግረግ የሚያልቀው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ትልቅ አይደለም፤ ቱሪዝም ሚኒስቴርንም አይመለከትም።

አንደኛ፣ እንቁጠር። በየዓመቱ ጥር ላይ የውሃ ወፎች ቆጠራ በዓለም ዙሪያ ይካሄዳል፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የጀውሃ፣ የሰንበቴ፣ የሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መምህርና ደብተር አላቸው። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት። ስም የማያውቁትን «ቀይ እግር፣ ረጅም ምንቃር» ብለው ይጻፉ። አሥር ዓመት የተጻፈ ደብተር ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል። ለጨፋ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ወፎችንና የውሃ ውስጥ ነፍሳትን የረግረጉ ጤና መለኪያ አድርጎ ወስዷል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃው ሲታመም መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በእኔ ሙያ ይሄ ሎግ ይባላል። ሎግ የማይጽፍ ሲስተም ለምን እንደወደቀ አታውቁም።

ሁለተኛ፣ ስም እናውጣ፤ ይልቁንስ ያለውን ስም እንሰብስብ። አገራችን ከ860 በላይ የወፍ ዓይነት አላት። አብዛኞቻችን የከተማ ልጆች ከአሥሩ አልፈን መጥራት አንችልም፤ ቀሪው ሁሉ «ወፍ» ነው። በዚህ ሸለቆ ግን አማርኛ አለ፣ አፋን ኦሮሞ አለ፣ አርጎብኛ አለ፣ አፋርኛ አለ። አንዷን ወፍ በአራት ስም የሚጠራ ገበያ ሰንበቴ ላይ ይቆማል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ አገሯም እንደየቋንቋው ይጠራታል። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ የሚያረዳው የለም።

ሦስተኛ፣ የግሪሳ ማደሪያ መረጃ ከማማ ይጀምር። ወፍ ጠባቂው «እዚያ ቄጠማ ውስጥ ማደር ጀምሯል» ሲል በዚያው ሳምንት የሚሰማው የልማት ሠራተኛ ይኑር። ለዚህ ስልክ ይበቃል፤ ያውም በተን ስልክ። መርዝ የሚረጭ ከሆነም የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተረጨ ለነዋሪው ይነገር። ውሃውን የሚጠጣው እሱ ነው፤ ከብቱም እሱ ጋ ነው።

አራተኛውና ዋናው ውሃው ነው። ሽንኩርት የሚያመርተውን ማንም ሌባ ሊለው አይችልም፤ አዲስ አበባ የምንበላው ወጥ ውስጥ አለ። ግን በግንቦት፣ ወንዙ ሲቀጥን፣ ላይ ያለው ሞተር የመጨረሻውን ጠብታ ከሳበው ታች ያለው ረግረግ፣ ከብትና ሰው ምን ይቀራቸዋል? አዲስ ቦይ ወይም አዲስ እርሻ ከመፈቀዱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ «በዚህ ቦታ በግንቦት ወር ማን ይጠቀማል?» ባለሀብቱ ሳይሆን፣ ወረዳው ብቻውን ሳይሆን፣ ከላይም ከታችም፣ ከዚህ ዞንም ከዚያኛውም፣ ከአፋርም ያሉ ሽማግሌዎች ይመልሱት። ወንዙ የክልል ድንበር አያውቅም፤ ሽመላውም አያውቅም።

እነዚህ አራቱ አንድ ብር ከቱሪስት አይጠብቁም። ጎብኚ አይምጣ ማለቴም አይደለም። ይምጣ፤ ሰላም ሆኖ እንዲመጣ ያብቃን። ሲመጣም የሚያሳየው ሰው ወፉን በስሙ የሚጠራ፣ ማማ ላይ ያደገ የሸለቆው ልጅ ይሁን፤ ገንዘቡም በእሱ ኪስ ይግባ። ግን ቤት ለእንግዳ ተብሎ አይሠራም። ቤት የሚሠራው ሊኖሩበት ነው። እንግዳ የሚከበረውም ባለቤት ባለበት ቤት ነው። የጀውሃ ረግረግ ባለቤት አለው፤ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ማሽላውን የሚጠብቅ፣ ሽመላው ሲመጣ ወሩን የሚያውቅ። ለእሱ ረግረጉ ዛሬም ሀብት ነው። እምቅ የሆነው የእኛ ጆሮ ነው።